በባትሪ የሚሞቅ የብስክሌት ጓንት አሠራር

በብርድ ብስክሌት ሲነዳ ቀድሞ የሚደነዝዘው ጣት ነው፤ በደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይያዝም። ስለዚህ ከጃኬቱ በፊት ጓንቱን ሥሩ።

ለአንድ እጅ፦ ስስ የውስጥ ጓንት፣ ነፋስ የማያስገባ በአንድ ቁጥር የሚሰፋ የውጭ ጓንት (የጠበበ ከሆነ ደም አያዘዋውርም፣ ማሞቂያውም አያድነው)፣ በሲሊከን የተሸፈነና በሜትር 33 ኦም የሆነ የካርቦን ፋይበር ማሞቂያ ሽቦ 3 ሜትር፣ መከላከያ ሰርኪዩት ያለው የ7.4 ቮልት 2600 ሚሊአምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ ማብሪያ ማጥፊያና 1.5 አምፔር ፊውዝ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን።

ሽቦውን አንድ አንድ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡና ሦስቱን በትይዩ አገናኙ፦ የሦስቱም አንድ ጫፍ በአንድ ላይ፣ ሌላው ጫፍም በአንድ ላይ። 11 ኦም ይሆናል፤ በ7.4 ቮልት 5 ዋት ገደማ ይሰጣል፣ ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ 6.4። በ5 ቮልት ፓወር ባንክ ግን 2.3 ዋት ብቻ ስለሆነ ለብ ከማለት አያልፍም። ኃይል ለመጨመር ብሎ ሽቦ ማሳጠር ሞኝነት ነው፤ ሙቀቱ በአጭር ቦታ ተከማችቶ ያቃጥላል። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት መገጣጠሚያው ላይ ነው። ካርቦን ስታኞ (ሽቦ ለማጣበቅ የሚቀልጠው ብረት) አይዝም። የጫፉን ሲሊከን 1 ሳንቲ ሜትር ልጣችሁ ከመዳብ ሽቦ ጋር ትንሽ የመዳብ ቱቦ ውስጥ አስገቡና በፒንሳ አጥብቃችሁ ጨምቁት፤ ከዚያ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ አልብሱት። መገጣጠሚያው ከአንጓ በላይ፣ ክንድ ላይ ይረፍ፤ አንጓው የሚታጠፍበት ቦታ ካረፈ ይበጠሳል።

ሽቦውን በውስጥ ጓንቱ ጀርባ በኩል ስፉት፦ አንዱ ለሌባ ጣትና ለመሃል ጣት፣ ሁለተኛው ለቀለበት ጣትና ለትንሿ፣ ሦስተኛው ለአውራ ጣትና ለእጅ ጀርባ። መዳፍ በኩል መሪ ስለሚጫነው አታሳልፉ። ክሩ ሽቦውን ይሻገረው እንጂ አይውጋው።

ባትሪውን እጅጌ ሥር፣ ገላ አጠገብ አድርጉት። በስሌት ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይሠራል፤ ከቀዘቀዘ ግን ቶሎ ይደክማል። ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርጉት።

ጓንቱ እንደ ወትሮው ካልሞቀ ባትሪውን ነቅላችሁ የማሞቂያ ሽቦዎቹን ኦም በመልቲሜትር ለኩ። 11 ኦም ከሆነ ጥፋቱ ባትሪው ወይም ማብሪያው ጋ ነው። 16.5 ካሳየ አንድ ሽቦ፣ 33 ካሳየ ሁለት ተበጥሷል። እጅ ሲታጠፍ ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ቱቦው በደንብ አልተጨመቀም።