በሐዋሳ ጭቃ ላይ ብስክሌት መንዳት ለሚጀምሩ

በክረምት ከሐዋሳ አስፋልት ወጥቶ ሳይክሎክሮስ (በጭቃና በሣር ላይ፣ አንዳንዴም ብስክሌቱን ተሸክሞ በመሮጥ የሚደረግ የብስክሌት ውድድር) መለማመድ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ሊያስተካክል የሚገባው የጎማውን አየር ነው። እኔ የዓለም አቀፉ ውድድር ደንብ የሚፈቅደውን ከፍተኛ ስፋት፣ ማለትም 33 ሚሊ ሜትር የሆነውን ጎማዬን፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት በመጠኑ እስኪሰረጉድ ድረስ አስተነፍሰዋለሁ።

ጭቃው ውስጥ ሲገቡ ማርሹን ቀለል አድርገው ሳያቋርጡ ይርገጡ፤ ከኮርቻው ግን አይነሱ፤ ክብደትዎ ከኋላው ጎማ ላይ ሲቀንስ ጎማው መሬቱን መቆንጠጡን ትቶ በባዶ ይሽከረከራልና።

ባለፈው ክረምት በሐይቁ ዳርቻ ስለማመድ፣ ከሣር ጋር የተለወሰ ጥቁር ጭቃ በፍሬኑና በጎማው መካከል ተጠቅጥቆ የኋላው ጎማ ጨርሶ መዞር አቆመ። እንዲህ ሲሆን ብስክሌቱን መግፋት ጭቃውን ያበዛዋል እንጂ አያራግፈውም። በግራ በኩል ወርደው ብስክሌቱን በቀኝ ትከሻዎ ተሸክመው ይሩጡ፤ ሰንሰለቱ ወደ ውጭ ስለሚዞር ልብስዎን አይነካም።