ልጃችሁ ካሊፎርኒያ ታስሮ ፋየር ካምፕ መግባት ከፈለገ

በጃንዩዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ፓሊሴድስና አልታዲና ሲቃጠሉ ብዙዎቻችን በቲቪ አይተናቸዋል። ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው፣ መጋዝና ዶማ ተሸክመው ተራራውን በሰልፍ የሚወጡት። ከ1,000 በላይ ነበሩ። እስረኞች ናቸው።

እኛም መሃል ልጃቸው እዚህ ካሊፎርኒያ የታሰረባቸው ወላጆች አሉ። ሰው ሲጠይቃቸው «ለሥራ ሌላ ስቴት ሄዷል» ይሉና ቤት ገብተው ብቻቸውን ያለቅሳሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ልጁ ደውሎ «ፋየር ካምፕ ልገባ ነው» ካለ ወይም ካሰበ፣ ማለትም እስረኞች እየኖሩ የደን እሳት የሚዋጉበት ካምፕ፣ ምን እንደምታደርጉ ላስረዳ።

መጀመሪያ ሥራውን እወቁት። ፕሮግራሙ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ቋሚ ካምፕ ሬይንቦ ሲሆን ሳንዲያጎ ካውንቲ ውስጥ በ1946 ተከፈተ። ዛሬ በስቴቱ 35 ያህል ካምፖች አሉ። የስቴቱ ማረሚያ ቤት ካል ፋየር ከሚባለው የስቴቱ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ወይም ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ እሳት አደጋ ጋር ሆኖ ያስተዳድራቸዋል። ብዙ ሰው ልጆቹ ውሃ የሚረጩ ይመስለዋል። የእነሱ ቡድን ሃንድ ክሩ ነው የሚባለው፤ ሥራው መስመር ማውጣት ነው። እሳቱን ቀድመው ቁጥቋጦውን በመጋዝ ይቆርጣሉ፣ ሳሩን ይነቅላሉ፣ አፈሩ እስኪታይ ይጠርጋሉ፤ እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። እሳት ላይ ፈረቃው 24 ሰዓት ነው፣ ከዚያ 24 ሰዓት እረፍት። እሳት በሌለ ጊዜ ደን ያጸዳሉ፣ ጎርፍ ሲመጣ አሸዋ በጆንያ ይሞላሉ።

አደገኛ ነው። ይህን አልደብቃችሁም። በፌብሩዋሪ 2016 ማሊቡ አካባቢ አንዲት የ22 ዓመት ታራሚ እሳት ላይ እያለች ድንጋይ ተንከባሎ መታትና ሞተች። ካምፑ በፈቃደኝነት ስለሆነ እምቢ ማለት መብቱ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲያማክራችሁ «ቶሎ ትወጣልኛለህ» ብላችሁ አትግፉት። ራሱ ይወስን።

ማን ይገባል? «ሚኒመም ከስተዲ» የሚባለው ዝቅተኛው የጥበቃ ደረጃ ላይ መሆን አለበት። የቀረው ፍርድም 8 ዓመት ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ሆን ብሎ እሳት በማቃጠል፣ በአስገድዶ መድፈር ወይም በሌላ የወሲብ ወንጀል የተፈረደበት አይገባም። ከእስር ለማምለጥ የሞከረም፣ ያልተዘጋ የእስር ማዘዣ ያለበትም እንደዚያው። ወንጀሉ «ቫዮለንት» (የኃይል ወንጀል) ተብሎ ስለተመዘገበ ብቻ ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ አንዳንዱ በጉዳዩ ታይቶ ይገባል። ጤናውም ይመረመራል።

ጥያቄውን የሚያቀርበው ልጁ ራሱ ለካውንስለሩ፣ እስር ቤት ውስጥ ፋይሉን ለሚከታተለው ሠራተኛ፣ ነው። ክላሲፊኬሽን ኮሚቴ የሚባለው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ፋይሉን ያያል፤ ከዚያ ቀን በፊት ለካውንስለሩ በጽሑፍ ቢያሳውቅ ይሻላል። እስከዚያው ትልቁ ጠላት «115» ነው። ይህ የጥፋት ሪፖርት ነው፣ እስረኞቹ ሁሉ በቁጥሩ ነው የሚጠሩት። አንድ ከባድ 115 ካምፑን ሊያስቀር ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በድብቅ የገባ ሞባይል። ልጁ «በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ፣ ለእገሌ ገንዘብ ላኩ» ካላችሁ በጭራሽ አትላኩ። ናፍቆታችሁ ይገባኛል፣ ግን ያ ስልክ ሲያዝ የሚቀጣው እሱ ነው።

አሁን ወደ ኢሚግሬሽን ልምጣ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ልጁ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነ፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ከካምፑ ወረቀት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ፈልጉ። እሳት አጥፍቶ ማገልገሉ ከአይስ፣ ሰው ይዞ ከአገር ከሚያስወጣው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ አያድነውም። በ2020 በእስር ላይ እያሉ እሳት ያጠፉ ሁለት ሰዎች ፍርዳቸውን ሲጨርሱ በቀጥታ ለአይስ ተላልፈዋል። ሁለቱም በልጅነታቸው በስደተኝነት የመጡ ነበሩ። ጠበቃው የወንጀልና የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ ላይ የሚያውቅ ይሁን፣ ዲቪ ሎተሪ የሚሞላ ሰው አይበቃም። ልጁ ሕፃን ሆኖ እናንተ ዜግነት ወስዳችሁ ከሆነ ይህንንም ንገሩት፤ 18 ሳይሞላው ግሪን ካርድ ይዞ ከእናንተ ጋር እየኖረ ከነበረ እሱም በሕግ ዜጋ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ የሚቀመጡ አሉ።

ተቀባይነት ካገኘ ስልጠና ይገባል፣ አራት ቀን ክፍል ውስጥ፣ አራት ቀን ሜዳ ላይ። ከዚያ ካምፕ ይመደባል። እንደ እስር ቤቱ አይደለም፣ የሚተኙት በባራክ ነው። ብዙዎቹ የእሳት ቡድን አባላት ለሠሩት ለእያንዳንዱ ቀን ተጨማሪ ሁለት ቀን ከፍርዳቸው ይቀነስላቸዋል። ምግብ የሚያበስለውና ሌላ ድጋፍ የሚሰጠው አንድ ቀን።

ክፍያው ለረጅም ዘመን በጣም አሳፋሪ ነበር፣ በቀን ከ5.80 እስከ 10.24 ዶላር፣ እሳት ላይ ሲሆኑ በሰዓት 1 ዶላር ይጨመራል። በኦክቶበር 2025 የተፈረመው ሕግ እሳት ላይ ለሚሆኑበት ሰዓት 7.25 ዶላር አደረገው። ይህ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው፣ የካሊፎርኒያው በዚያው ዓመት 16.50 ነበር። ነፍስን አስይዞ ለሚሠራ ሥራ አሁንም ትንሽ ነው እላለሁ። ፍርድ ቤቱ ካሳ እንዲከፍል ወስኖበት ከሆነ ደግሞ ከሚያገኘውም እናንተ ከምትልኩትም ሊቆረጥ ይችላል፤ የላካችሁት ጎድሎ ቢደርሰው አትደንግጡ።

ጥየቃ የሚፈቀደው በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ነው። ለዚህ ፎርም 106 ሞልታችሁ አስቀድማችሁ መጽደቅ አለባችሁ። ሰማያዊ ጂንስ አትልበሱ፣ የእስረኛ ልብስ ይመስላል ብለው ይመልሷችኋል። ካምፖቹ ብዙዎቹ ጫካ መሃል ናቸው፣ ስልክም ላይሠራ ይችላል። በእሳት ወቅት ደግሞ ሳትደውሉ አትነሱ። አንዲት የማውቃቸው እናት አምስት ሰዓት ተነድቶላቸው ሲደርሱ ቡድኑ ሌሊቱን ለእሳት ወጥቷል። ዳቦውን እንደታቀፉ ነው የተመለሱት።

ሊፈታ ሲል የሚደረገው ነገር ደግሞ ትልቁ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ የሚያጣውም ይህን ነው። ካምፕ ውስጥ እያለ የስልጠና ሰርተፊኬቶቹን፣ የሠራባቸውን እሳቶች ዝርዝርና የካፒቴኑን የድጋፍ ደብዳቤ ይሰብስብ። ኮፒውን በፖስታ ይላክላችሁ፣ እናንተም አስቀምጡ። ከወጣ በኋላ እነዚህን ማሳደድ አድካሚ ነው።

ምክንያቱ ኤቢ 2147 የሚባል ሕግ ነው፤ ከጃንዩዋሪ 2021 ጀምሮ ይሠራል። በካምፑ በሚገባ ያገለገለ ሰው ሲፈታ የፈረደበት ካውንቲ ፍርድ ቤት ሄዶ ጥፋተኝነቱ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ለማረሚያ ቤቱ ይጽፋል፣ ማረሚያ ቤቱ ማገልገሉን ያረጋግጣል። ዳኛው ከፈቀደ አመክሮውንም ሊያሳጥርለት ይችላል። ነፍስ ግድያ፣ ጠለፋ፣ የወሲብ ወንጀልና እሳት ማቃጠል አይካተቱም። ይህ ሕግ ሳይኖር እስር ቤት እያለ ደን ያዳነ ሰው ሲወጣ ኢኤምቲ የሚባለውን የሕክምና ፈቃድ በመዝገቡ ምክንያት ይከለከል ነበር፤ የከተማ እሳት አደጋ ክፍሎች ደግሞ አብዛኞቹ ያለ ኢኤምቲ አይቀጥሩም። ግን ልብ በሉ፣ ስረዛው የስቴት ነው። ለኢሚግሬሽን ወንጀሉ እንዳለ ይቆጠራል። ዜጋ ያልሆነ ልጅ «ተሰርዞልኛል» ብሎ ከአገር እንዳይወጣ ወይም የዜግነት ፎርም እንዳይሞላ፤ መጀመሪያ ያንን የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንደገና ይጠይቅ።

ለሥራ ሦስት በር አውቃለሁ። አንደኛው ካማሪዮ ያለው ቬንቹራ ትሬኒንግ ሴንተር ነው፤ ከካምፕ ወጥተው በፓሮል (ከእስር በኋላ ባለው ክትትል) ላይ ላሉ የ18 ወር ስልጠና ይሰጣል። ሁለተኛው በቀድሞ ታራሚ እሳት አጥፊዎች የተቋቋመው ፎረስትሪ ኤንድ ፋየር ሪክሩትመንት ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው የፌዴራሉ ፎረስት ሰርቪስ ነው፣ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ስላለብህ ብቻ አይዘጋብህም፣ ለሃንድ ክሩም ኢኤምቲ አይጠይቅም። የእሱ ማስታወቂያ ግን የሚወጣው የእሳቱ ወቅት ከመድረሱ ብዙ ወራት ቀድሞ የፌዴራል ሥራዎች በሚወጡበት ዩኤስኤ ጆብስ ድረ ገጽ ላይ ነው። ልጁ ውስጥ ሆኖ ሊከታተለው አይችልም። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት ባለው መከር ከእናንተ አንዱ ገጹን በየሳምንቱ ይክፈትለት።