ከሰርቪስ በኋላ የተበላሸ መኪና፦ የጋራዡን ኃላፊነት ከምልክቱ ተነስቶ ማስረዳት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከዓለም ባንክ እስከ ዓለም ገና በመንገድ ዳር የሚገኙት አብዛኞቹ ጋራዦች የሚሠሩት በቃል ነው። ባለመኪናው ዘይትና ፊልትሮ ያስቀይራል፣ ፍሬኑን ያሳያል፣ ጎማ ያዟዙራል፤ ሂሳቡን በእጁ ወይም በቴሌብር ከፍሎ ይሄዳል። መኪናው በደህና ከሠራ ደረሰኝ ባለመጠየቁ የሚጎዳ የለም። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሞተሩ ነክሶ ከቆመ ወይም ጎማው ከወለቀ፣ «ከእነሱ ጋር አሠርቼ ስወጣ ነው የተበላሸው» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። ብልሽቱ ከሰርቪሱ በኋላ መምጣቱ ከሰርቪሱ የተነሳ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ማስረዳት የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ምን ሥራ እንደተሠራ፣ ሥራው ምን ጉድለት እንደነበረበት፣ ጉዳቱም ከዚያው ጉድለት መምጣቱ። የመጀመሪያው ከወረቀትና ከስልክ ይገኛል። የቀሩት ሁለቱ ግን ያሉት በመኪናው አካል ላይ ስለሆነ፣ መኪናውን ቀድሞ የሚፈታው ሰው ማስረጃውን ሊያድነውም ሊያጠፋውም ይችላል።

መኪናን በክፍያ ለመጠገን የሚደረግ ስምምነት ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 ላይ አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት፣ በክፍያ፣ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት የሚገባውን ውል ይደነግጋል፤ የጋራዥ ሥራም በዚህ ሥር ይታያል። ውል ባለመፈጸሙ የመጣ ጥያቄ በውል ድንጋጌዎች እንጂ ከውል ውጭ ባለ ኃላፊነት እንደማይዳኝ ቁጥር 2037 ስለሚናገር፣ ባለመኪናው መነሻ ማድረግ ያለበት ውሉን ነው። እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ድንጋጌ ስለሌለ፣ በቃል የተደረገውን በምስክርና በሌላ ማስረጃ ማስረዳት ይቻላል።

ምልክት፦ የዘይት መብራት በራ፣ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ

ከሁሉ የከፋውም፣ በአግባቡ ከተያዘ ደግሞ ከሁሉ በተሻለ የሚረዳውም ይህ ነው። ከዘይት ቅየራ በኋላ ዘይት በድንገት የሚያልቅባቸው የተለመዱ ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ የዘይት መድፊያው ብሎን በደንብ አለመጥበቁ ወይም ጥርሱ መበላቱ፣ እና የፊልትሮው ጎማ በትክክል አለመቀመጡ።

የፊልትሮውን ነገር ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ አንዳንድ ጊዜ ከሞተሩ ፊት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መካኒኩ በጣቱ ዳብሶ ካላረጋገጠ አዲሱን ፊልትሮ ከነቀለበቱ በአሮጌው ቀለበት ላይ ያስረዋል። ጋራዡ ውስጥ ሞተሩ ሲነሳ ምንም ላይታይ ይችላል። በመንገድ ላይ የዘይቱ ግፊት ሲጨምር ግን ከተደረቡት ጎማዎች አንዱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዘይቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስሳል። 1ዜድዜድ ሞተር ያለው ኮሮላ ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.7 ሊትር ብቻ ስለሆነ ለሾፌሩ ፋታ አይሰጥም። ዘይት ያጣው ሞተር ክራንክ ሻፍቱን የሚሸከሙት ብሮንዚኖች ይቃጠላሉ፣ ማንኳኳቱ ይከተላል፣ ከዚያ ሞተሩ ይነክሳል። ፊልትሮው ሲፈታ ሁለት ቀለበት ከተገኘ፣ አንዱ ያረጀና የተጠፈጠፈ፣ ሌላው አዲስ፣ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ማስረጃ አላውቅም። ሁለተኛው ቀለበት እዚያ ሊደርስ የሚችለው ፊልትሮውን በቀየረው ሰው እጅ ብቻ ነውና።

መፍትሄው የሚጀምረው ሞተሩን ወዲያው በማጥፋት ነው። የሕጉ ቁጥር 1802 የተጎዳው ወገን ጉዳቱን ለመቀነስ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ስለሚያስገድድ፣ መብራቱ በርቶ እያዩ «ቤት ልድረስ» ብለው የነዱት ርቀት በኋላ ካሳውን ይቀንስብዎታል። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ፎቶ ያንሱ። በአስፋልቱ ላይ የፈሰሰውን ዘይት፣ ከሥር የተረጨውን፣ ታርጋው በሚታይበት ሁኔታ ቪዲዮ ይቅረጹ። ከዚያ መኪናውን ያስጎትቱ እንጂ በገመድ እየጎተቱ ለማስነሳት ፈጽሞ አይሞክሩ።

ጋራዡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መከላከያ ያቀርባል። አንደኛው «መኪናው ድሮም ዘይት ይበላ ነበር» የሚል ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር በሳምንታት ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ጭስ ይኖረዋል፣ በሻሲው ሥር አዲስ የተረጨ ዘይት ግን አይተውም። ሁለተኛው «የኮብልስቶኑ መንገድ ከሥር መታው» የሚለው ነው። በየሰፈሩ ባለው መንገድ ይህ በእርግጥ የሚደርስ ነገር ስለሆነ ክርክሩን ማቃለል አይገባም። ከሥር የተመታ የዘይት መያዣ ግን ሰርጉዶ ወይም ተሰንጥቆ፣ በድንጋይ ተፍቆ ይገኛል። ከሥር ያለው ብረት ንጹሕ ሆኖ ዘይቱ ከፊልትሮው ዙሪያ ብቻ ወጥቶ ከታየ መከላከያው ይወድቃል፤ ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት የሥሩ ፎቶ ግድ ነው።

የመድፊያው ብሎን ጉዳይ በአንጻሩ ትንሽ ይደክማል። ጥርሱ ተበልቶ ከተገኘ፣ የበላው የመጨረሻው መካኒክ ነው ወይስ ከእሱ በፊት ያጠበቀው ሰው ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። በተጠቀሰው ሞተር ይህ ብሎን የሚጠብቀው በ37 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው፤ በረጅም ቁልፍ ተይዞ በጉልበት ሲጠብቅ ከዚያ በብዙ ያልፋል። ቢሆንም ጥርሱ መበላቱን ያየ ባለሙያ ለባለመኪናው ሳይናገር መልሶ አስሮ መልቀቁ በራሱ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክርክሩንም በዚያ በኩል ማቅረብ ይሻላል።

ምልክት፦ ጎማው ተንቀጠቀጠ ወይም ወለቀ

ጎማውን የሚያስሩት ዳዶዎች ሳይጠብቁ ከቀሩ ቸርኬው በብሎኖቹ ላይ እየተላጋ የራሱን ቀዳዳ ያሰፋል፤ ቀዳዳዎቹ ክብነታቸውን ያጣሉ፣ የብሎኖቹ ጥርስም ተፍቆ ይገኛል። በአንጻሩ ከመጠን በላይ ተጠብቀው ወይም አርጅተው የተሰበሩ ብሎኖች ስብራታቸው ላይ ሌላ መልክ አላቸው፤ ይህንን ባለሙያ አይቶ ይለየዋል። በብዙዎቹ የቶዮታ ቤት መኪኖች ዳዶው የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። ቸርኬውን፣ የቀሩትን ዳዶዎችና የተሰበሩትን ብሎኖች ሳያጥቡ ያስቀምጡ። ጎማው ወልቆ ግጭት ከደረሰ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ትራፊክ ፖሊስ ይጥሩ፤ በሪፖርቱም ላይ ጎማው ከግጭቱ በፊት መውለቁ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ኢንሹራንስ ካለዎት ወዲያው ያሳውቁ።

ምልክት፦ ፍሬኑ ላላ ወይም ያዘ፣ ካምቢዮው ተንሸራተተ

በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ከተጨመረ በፍሬኑ ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ያብጣሉ፤ የመያዣው ክዳን ሥር ያለው ጎማ አብጦ መታየቱ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው። በሲቪቲ ካምቢዮ (በተለመዱት ማርሾች ፋንታ በቀበቶ በሚሠራው) ውስጥ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት መጨመርም ካምቢዮውን ያበላሻል። በሁለቱም ሁኔታ መፍትሄው አንድ ነው፦ ፈሳሹ ከመደፋቱ በፊት በንጹሕ ጠርሙስ ናሙና ይወሰድ፣ ይታሸግ፣ ቀንና የምስክሮች ፊርማ ይለጠፍበት። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሞ ከሆነ ግን ራዲያተሩ፣ ውኃ ፓምፑ፣ የሾፌሩም ቸልተኝነት ሁሉ ሊያመጡት ስለሚችሉ፣ ጋራዡ በዚያው ቀን የማቀዝቀዣውን ክፍል ካልነካ በስተቀር ክስ መመሥረትን አልመክርም።

ችግር፦ ጋራዡ «ይህን መኪና አላየሁትም» አለ

መጀመሪያ የሚፈለገው በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ወይም ሞተሩ ላይ የተንጠለጠለው የሰርቪስ ካርድ ነው። ትንሽ ወረቀት ቢሆንም የቀጣዩ ሰርቪስ ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱ ዓይነት፣ አንዳንዴም የጋራዡ ስልክ ይጻፍበታል፤ በመካኒኩ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ስለሆነም ለመካድ ያስቸግራል። የቴሌብር ወይም የባንክ ማስተላለፊያ መረጃ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተቀባዩን ስም ይዟል። የአጭር መልእክትና የቴሌግራም ንግግር ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አያጣም። ስለዚህ ብልሽቱ እንደደረሰ ከመጨቃጨቅዎ በፊት በትሕትና እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ወንድሜ፣ ማክሰኞ ዘይትና ፊልትሮ የቀየርክልኝ ኮሮላ ዛሬ ጠዋት ዘይቱን ደፍቶ ቆመ። ሳይከፈት መጥተህ እንድታየው እጠብቃለሁ።» መካኒኩ «እሺ መጣሁ» ብሎ ቢመልስ ሥራውን መሥራቱን አምኗል፤ ባይመጣም ዕድሉ እንደተሰጠው ይመዘገባል።

ነጋዴ ለሸጠው አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያስገድዳል። ስለዚህ ደረሰኝ አለመኖሩ ባለመኪናውን ብቻ የሚያስወቅስ ጉድለት አይደለም።

ችግር፦ «ዕቃውን ያመጣኸው ራስህ ነህ»

ብዙ ባለመኪናዎች ዘይቱንና ፊልትሮውን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ገዝተው ስለሚያመጡ ይህ መልስ ጠንካራ ነው። ፊልትሮው ራሱ ተቀዶ ወይም ዘይቱ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ጥያቄው ወደ ሻጩ ይዞራል። ነገር ግን ዕቃው ደህና ሆኖ አገጣጠሙ የተበላሸ ከሆነ ዕቃውን ማን ገዛው የሚለው አያድንም፤ ተደርቦ የተገኘው አሮጌ ቀለበት ከሶማሌ ተራ አልመጣም። ለዚህ ሲባል የዘይቱን ባዶ ጄሪካን፣ የፊልትሮውን ካርቶንና የሻጩን ደረሰኝ ሰርቪሱ ካለቀ በኋላም ማቆየት ያስፈልጋል።

ችግር፦ ማን ይፍታው?

መካኒኩ ደንግጦ «አምጣው፣ በነጻ እሠራልሃለሁ» ሲል ብዙ ሰው ደስ ብሎት መኪናውን ይመልስለታል። ቅንነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት ማስረጃው ሁሉ በተከራካሪው እጅ ይገባል። ነጻ ጥገናውን መቀበል ቢፈልጉ እንኳ አስቀድሞ በሌላ፣ የንግድ ፈቃድ ባለው ጋራዥ፣ መካኒኩ ባለበት ወይም ተጠርቶ ሳይመጣ በቀረበት፣ ምርመራው ይደረግ። መርማሪው ፊልትሮውንና ብሎኑን ከመንካቱ በፊት አቀማመጣቸውን በቀለም ያመልክት፤ የቀረውን ዘይት ይለካ፤ ፊልትሮው ሲፈታ ቪዲዮው ሳይቋረጥ ይቀረጽ። በጽሑፍ የሚሰጠው ማረጋገጫም «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብቻ ቢል አይረዳም። ያየውን፣ የጉዳቱን ምክንያት፣ ሌሎቹን ምክንያቶች ለምን እንደተዋቸው ጽፎ፣ ስሙንና ማኅተሙን ያኑርበት። የጥገናውን ዋጋ ከአንድ በላይ ከሆኑ ጋራዦች በፕሮፎርማ ያሰብስቡ።

መኪናው ቀድሞ ተፈትቶ ከሆነ የቀረውን ያድኑ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ የእርስዎ ስለሆነ እንዲመለስልዎ ይጠይቁ፤ ሲፈታ የነበሩትንም ሰዎች ስም ወዲያው ይጻፉ።

ከማስረጃው በኋላ

ጉድለቱ እንደታወቀ ሳይዘገዩ፣ ምክንያቱን፣ የካሳውን መጠንና ተገቢ የመልስ ጊዜ የያዘ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፤ ቁጥር 1772 ማስጠንቀቂያን ከውል ክስ በፊት የሚደረግ እርምጃ ያደርገዋል። በዚህ ደረጃ ብዙዎቹ ጉዳዮች በሽማግሌ ያልቃሉ፤ እኔም ይህን መንገድ እመርጣለሁ፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ መጠኑና ቀኑ ከሰፈረ። በመኪናው ራይድ የሚሠራ ሰው ያጣውን ገቢ ለመጠየቅ ቢፈልግ፣ ቁጥር 1801 ልዩ ሁኔታውን ለተዋዋዩ አስቀድሞ ላሳወቀ ሰው ከተለመደው በላይ ካሳ ስለሚፈቅድ፣ መኪናው የእንጀራ ገመዱ መሆኑን ሰርቪስ ሲያስገባ ለጋራዡ መናገሩ ጥቅም አለው።

ሳይሆን ቀርቶ ክስ ካስፈለገ፣ በከተማው ዳርቻ ለሚኖር ሰው ጋራዡ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ማወቅ ይቀድማል። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ የንግድ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ያለው በኦሮሚያ ነው፤ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። ውሉ የተደረገበትና ሥራው የተሠራበት ቦታ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ስለሚነካ፣ ክሱ ከመጻፉ በፊት ይህንን ከጠበቃ ጋር ይወስኑ፤ የጋራዡን የንግድ ፈቃድ ፎቶና የባለቤቱን ሙሉ ስም ይዘው ይሂዱ። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ከሆነ ፎቶውን ማንሳት የሚቀለው ጠቡ ሳይጀመር፣ መኪናውን ለሰርቪስ ሲያስገቡ ነው።