ስምንት ጭልፋ

ባለፈው ሳምንት የድሮ ጎረቤታችን ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ልታገባ ነው። እናቷ ደሴ በነበረች ጊዜ የኛ ቅሬ አባል ነበረች። ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው። «እትዬ፣ እንግዳው ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው። እንደ ደሴው ላድርገው ብዬ ነበር፣ ከየት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ» አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው፤ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው።

ስለ ሃይማኖቶች መቻቻል ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ንግግሩ ከነጃሺ ይጀምራል። እውነት ነው፣ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ሲመጡ የአክሱም ንጉሥ አስጠግቷቸዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 615 ገደማ መሆኑ ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ንግግሩ አልቆ ምሳ ሲቀርብ ግማሹ ሰው ሰላጣ ብቻ ይዞ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስጋውን ማን እንዳረደው የነገረው የለማ!

ስለዚህ ከስጋው ጀምሩ። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን። አንዱ «በስመ አብ» ብሎ ያርዳል፣ አንዱ «ቢስሚላሂ» ብሎ። አንዳንድ ዘመናዊ ደጋሽ «አሁን ይሄ ምን ልዩነት አለው? በግ ያው በግ ነው» ይላል። ለሱ ላይኖረው ይችላል። እንግዳን ግን ገበታ ላይ አይፈትኑም። «እኔ ግድ የለኝም፣ የመጣልኝን እበላለሁ» የሚል እንግዳ ቢመጣም እሰየው፤ እናንተ ግን ሁለቱንም አዘጋጁ።

ለሙስሊሞቹ የሚታረደውን ከነሱ ወገን የሆነ ሰው ይረድ። ማን እንዳረደው ደግሞ አስቀድሞ ይታወቅ። እንግዳ ሲገባ «ያንተ አጎት ነው ያረደው» ከተባለ ጥያቄው እዚያው ያበቃል። ሙስሊም እንግዳ አርባ ቢሆን ሁለት ደህና በግ ይበቃል። ቢላው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ፣ ሳህኑ ይለያል። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱ ግን የጋራ ነው።

ሽንኩርቱን አደራ። ደግሰው ወጥ ቤቱን ከነጭራሹ ለሁለት የሚከፍሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልወድላቸውም። ሽንኩርቱ አንድ ቦታ ይከተፍ፣ ሴቶቹም አብረው ይቀመጡ። «ውይይት» የሚባለው ነገር የሚካሄደው እዚያ ነው። ስለ ኒካህ የማውቀውን ያህል ያወቅኩት ዓይኔ እያነባ፣ ቢላ ይዤ ነው። ስለ ክርስትና ያስረዳሁትም እንደዚያው። ማንም ማንንም ለማሳመን አልመጣም፤ ሁሉም የመጣው አንድ ኩንታል ሽንኩርት ለመጨረስ ነው።

አሁን ወደ ጭልፋው ልምጣ። በ2001 አንድ ሠርግ ላይ የክርስቲያኑን ቀይ ወጥ ሳማስል ከወዲያኛው ድስት ሊገነፍል ሲል አየሁ። ሮጥኩ። በያዝኩት ጭልፋ አማሰልኩት። ካማሰልኩት በኋላ ነው እጄን ያየሁት። ማንም አላየኝም። ዝም ብል ዝም ነበር። ጉልበቴ ተብረከረከ። የሙስሊሙን ወገን ወጥ የሚመሩት እማማ ዘንድ ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድስቱን ከምድጃው አስወርደው «ይሄ ለናንተ ይሁን» አሉና ልጃቸውን ጠርተው ሌላ በግ አሳረዱ። እንግዳው ሁለት ሰዓት ያህል ዳቦና ቆሎ ይዞ ጠበቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሳለቅስ መጥተው «አብሽሪ ልጄ፣ ብትደብቂው ነበር የሚከፋው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሰው ሰው ሲያጡ የጓዳቸውን ቁልፍ የሚሰጡት ለኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የሙስሊሙ ወገን ጭልፋዎች እጀታ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አስራለሁ። እንዳይወልቅ ሁለት ጊዜ ቋጥሩት።

መጠጥ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ጠላና ጠጅ ላንዱ፣ ቀሪቦና ብርዝ ለሌላው። ብርጭቆው ግን ይለይ፤ ጠላ የተቀዳበትን ብርጭቆ ለቅለቅ አድርጎ ብርዝ መቅዳት ነውር ነው። ጴንጤ ጎረቤቶቻችንንም ብርዙ ይዟቸዋል።

ቀን ስትቆርጡ ሁለቱንም አቆጣጠር ዘርግታችሁ ተቀመጡ። በክርስቲያኑ በኩል ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ፍልሰታ አለ፤ ጾመ ነቢያት አለ። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ አስራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፤ ያምናውን ቀን ይዛችሁ አትቁጠሩ። የቅሬ ስብሰባም ቢሆን ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከጠራችሁ ሙስሊሞቹ ጁምዓ ናቸው። እሁድ ጠዋት ከሆነ ክርስቲያኖቹ ቅዳሴ ናቸው። ይሄን ሳያዩ ጠርተው «አልመጡም» ብሎ ማማረር ያስቀኛል።

በ2017ም በ2018ም ሁዳዴና ረመዳን በጥቂት ቀናት ልዩነት ገቡ። ሰው ሁሉ «ምን ሊበላ ነው?» አለ። እኔ እንደዚያ የቀለለ ጊዜ አላየሁም። ሳምቡሳው ምስር፣ ሾርባው ስጋ የሌለው የአጃ፣ ቴምር፣ ሽሮ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሙስሊሞቹ አፈጠሩ፣ እኛም የጾም ምግባችን ስለሆነ ከዚያው ትሪ አነሳን። ያን ምሽት ሁለተኛ ድስት አልተጣደም። ሁለቱ ዳግም ሲገጥሙ ያልሞከራችሁት ሞክሩት።

ስለ እምነት ማውራት ከፈለጋችሁ «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ስትሉት ሰውየው ፍርድ ቤት የቆመ ይመስለዋል። ስለ ሌላው እምነት እናንተ መልስ አትስጡ፤ ባለቤቱ እዚያው ተቀምጧልና ወደሱ ምሩት። ለቅሶ ቤት ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ንፍሮ ለሁሉም ይሆናል፤ ለአንዱ «ነፍስ ይማር»፣ ለሌላው «አላህ ይዘንላቸው» ማለት ማንንም ከእምነቱ አያወጣም። የሙስሊም ቀብር አይቆይም፣ የዚያኑ ዕለት ነው። ስለዚህ ጥሩምባው ሲሰማ «ከሥራ ስወጣ እደርሳለሁ» አትበሉ፣ አትደርሱም።

አንድ ነገር ደግሞ ከስልክ ጋር። ቴሌግራም ላይ «እንዲህ ተቃጠለ፣ እንዲህ ተደረገ» የሚል ሲመጣ የኛ ቅሬ ሕግ አለው። መጀመሪያ እዚያ ሰፈር ያለ ሰው ይደወልለታል፤ ሳይደወል ለሌላ የላከ ይቀጣል። ለዚህ ብለን ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሰው መርጠናል፤ ሌሊትም ቢሆን ያነሳሉ። አንድ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተደውሎላቸው አንደኛው «ተቃጠለ የተባለው ቤት ውስጥ ተኝቼ ነው የቀሰቀሳችሁኝ» አሉ።

ልጅቷ ሁሉንም ጻፈች። በመጨረሻ «እትዬ፣ ኬኩስ?» አለችኝ። ቀኑ ጾም ካልሆነ ኬክ ለሁሉም ይሆናል አልኳት። በርበሬውን ከዚህ እልክልሻለሁ፣ ጭልፋውን ግን እዚያው ግዢ። ስንት? አለች። ለየወገኑ አራት አራት፣ ስምንት።