ድራይቨሩ «ቦታ የለም» ሲል፦ ለመሣሪያ የሚሞሪ ክልል መያዝ፣ ችግርና መፍትሄ

ሊኑክስ ላይ፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላቦራቶሪ ውስጥ ራስቤሪ ፓይ በምትባለው አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ካሜራ ሲያያይዙ፣ ወይም አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሲሰኩ የሚገጥመው ስህተት ብዙ ጊዜ ሥሩ አንድ ነው። መሣሪያው የሚፈልገው የሚሞሪ ክልል ወይ አልበቃም፣ ወይ ሌላ ይዞታል፣ ወይ ታጥሯል። ሦስቱን የምትለየው «ዲሜስግ» በሚባለው የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መዝገብ ውስጥ በስህተቱ ጫፍ ላይ ያለችው ቁጥር ናት፦ -12 ቦታ አልተገኘም፣ -16 ተይዟል፣ -1 አልተፈቀደም ማለት ነው። ቁጥሯን ሳያዩ የከርነል ፓራሜትር መቀየር ወሰን ሳይጠይቁ ማረስ ነው። እዚህ በግዕዝ ፊደል የጻፍናቸው ትእዛዞችና ቅንብሮች ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገቡት።

ከሁሉ በፊት የትኛውን ክልል ማን እንደያዘ የሚያሳየውን ካርታ ያንብቡ፦ «ሱዶ ካት /ፕሮክ/አዮሜም»። ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠውን ትእዛዝ) ከረሱ አድራሻዎቹ በሙሉ ዜሮ ሆነው ይታያሉ፤ አይደንግጡ፣ ካርታው አልተበላሸም። «ሲስተም ራም» የሚለው ከርነሉ የሚያከፋፍለው ነው። «ሪዘርቭድ» የሚለው ደግሞ ፈርምዌሩ (ከሊኑክስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) ወይም እርስዎ ያስከለሉት ነው። በመሣሪያ ክልል ሥር ገባ ብሎ የተጻፈው ስም ክልሉን የያዘውን ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ይነግርዎታል።

ምልክት፦ ካሜራው አይነሳም፣ ወይም ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ይቆማል

መዝገቡ ላይ «ሲኤምኤ_አሎክ፦ አሎክ ፌይልድ፣ ሪክ-ሳይዝ፦ 2025 ፔጅስ፣ ሬት፦ -12» የሚል ይገኛል። ይህ 2025 ዓመተ ምሕረት አይደለም! አንድ ፔጅ (ገጽ፣ ሚሞሪ የሚከፋፈልበት ቁራሽ) ብዙ ጊዜ 4096 ባይት ነው፤ 2025 ፔጅ 8,294,400 ባይት ይሆናል። 1920 በ1080 በ4 ባይት ቢያባዙ የሚያገኙት ልክ ይህንኑ ነው። ስለዚህ የጠፋው የአንድ ሙሉ ምስል ቦታ ነው።

ካሜራና ስክሪን ብዙ ጊዜ ሳይቆራረጥ የተያያዘ ራም ይፈልጋሉ፤ ሲኤምኤ የሚባለው ክልል የተበጀው ለዚህ ነው። አሠራሩ እህል ከተነሳ በኋላ ማሳው ላይ የጎረቤት ከብት እንደሚሰማራው ነው፦ ባለቤቱ እስኪያርስ ፕሮግራሞች ይጠቀሙበታል፣ መሣሪያው ሲጠይቅ ገጾቻቸው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። አልነሳም ያለ ገጽ ካለ ስህተቱ -16 ይሆናል።

«/ፕሮክ/ሜምኢንፎ» ውስጥ «ሲኤምኤ ቶታል» እና «ሲኤምኤ ፍሪ» የሚሉትን ይመልከቱ። ነፃው በየሰዓቱ እየቀነሰ ከሄደ ክልሉን ማስፋት ውድቀቱን ማዘግየት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ የያዘውን ባፈር (ምስል የሚያርፍበት የሚሞሪ ቦታ) የማይለቅ ፕሮግራም ላይ ሊሆን ይችላልና። ከመጀመሪያው ትንሽ ከነበረ ግን ያስሉ፦ ወርድ በቁመት በባይት በባፈር ብዛት፣ ሲደመር የስክሪኑ ድርሻ። ከዚያ ፓይ ላይ «/ቡት/ፈርምዌር/ኮንፊግ.ቲኤክስቲ» ውስጥ «ዲቲኦቨርሌይ=ቪሲ4-ኬኤምኤስ-ቪ3ዲ,ሲኤምኤ-256» ብለው ያስተካክሉ። ሌላ ማሽን ላይ በከርነሉ የቡት መስመር «ሲኤምኤ=256ኤም» ይበቃል። ብዙ ሰው የሚጨምረው «ጂፒዩ_ሜም» ለአዲሱ የካሜራ ሶፍትዌር፣ ለሊብካሜራ፣ ምንም አይፈይድም።

512 ሜጋባይት ብቻ ባለው ፓይ ዜሮ 2 ላይ 256 መስጠት አንመክርም። የማይዛወሩ የከርነል ገጾች ሲኤምኤ ውስጥ መግባት ስለማይችሉ፣ ነፃ ራም እየታየ ሲስተሙ ሚሞሪ አጣሁ ሊል ይችላል። ይልቅ የምስሉን ቅርጽ ወደ ዋይዩቪ 420 ይቀይሩ፤ በፒክሰል 4 ባይት የነበረው 1.5 ይሆንና አንድ ምስል በ760 ፔጅ ያልቃል።

ምልክት፦ «ሜምማፕ» ጨምረው ሪስታርት ሲያደርጉ ማሽኑ አይነሳም

ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖች ላይ «ሜምማፕ=64ኤም$0ኤክስ18000000» ማለት ከ384ኛው ሜጋባይት ጀምሮ 64 ሜጋባይት አትንኩ ማለት ነው። ጉዱ ያለው የዶላር ምልክቷ ላይ ነው። ግረብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) «$0»ን የተለዋዋጭ ስም አድርጎ ይውጣታል፤ ለከርነሉ የሚደርሰው «64ኤምኤክስ18000000» ይሆናል። ከርነሉም መለያ ምልክት ሲያጣ ጠቅላላ ራሙን 64 ሜጋባይት ላይ ይቆርጠዋል! በዚያ መጠን የዛሬ ሊኑክስ አይነሳም።

ማዳኛው፦ የግረብ ሜኑ ላይ «ኢ» ቁልፍን ተጭነው ሊኑክስ ከሚለው መስመር ሜምማፑን ያጥፉ፣ በ«ኤፍ10» ያስነሱ። ከዚያ «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ» ውስጥ ከዶላሯ በፊት ሦስት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች ያስገቡ፦ \\\$። «አፕዴት-ግረብ» ካሉ በኋላ በሚወጣው «ግረብ.ሲኤፍጂ» ውስጥ አንድ ሰረዝ ብቻ ቀርቶ \$ ማየት አለብዎት። ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ «/ፕሮክ/ሲኤምዲላይን» ላይ ዶላሯ ብቻዋን ትታያለች።

ማሽኑ ሞጣ ወይም ፍኖተ ሰላም ተተክሎ እርስዎ ባሕር ዳር ሆነው በኢንተርኔት የሚያስተካክሉት ከሆነ ይህን ፓራሜትር በርቀት አይሞክሩት። ተመሳሳይ ማሽን ላይ አጠገብዎ ፈትነው ያስገቡ፤ አለዚያ ቀጣዩ ሥራዎ የአውቶቡስ ትኬት መቁረጥ ነው።

ምልክት፦ «ካንት ሪዘርቭ» እና -16

ክልሉ ባለቤት አለው። አዮሜም ውስጥ ስሙን ያንብቡ፤ ለስክሪን ካርድ ብዙ ጊዜ በቡት ጊዜ የተነሳው ጊዜያዊ የስክሪን ድራይቨር ነው፣ «ኢኤፍአይኤፍቢ» ወይም «ሲምፕልኤፍቢ»። ድራይቨሩን ራስዎ የጻፉት ከሆነ መጀመሪያ የራስዎን ኮድ ይጠርጥሩ፦ ሲከሽፍ በሚወጣበት መንገድ ላይ «ሪሊዝ_ሜም_ሪጅን» ተረስቶ ይሆናል። በ«ዴቭኤም_» የሚጀምሩትን ፈንክሽኖች ቢጠቀሙ ከርነሉ ራሱ ይለቅልዎታል።

ምልክት፦ «ባር 1፦ ኖ ስፔስ ፎር»

ለስሌት የተሠሩ ካርዶች የሚጠይቁት የአድራሻ ክልል (ባር የሚባለው) ከ4 ጊጋባይት በታች ካለው ጠባብ መስኮት ይበልጣል። ባዮስ ውስጥ «አቦቭ 4ጂ ዲኮዲንግ»ን ያብሩ። ምርጫው ከሌለ «ፒሲአይ=ሪአሎክ» ይሞክሩ። እሱም ካልሠራ ራም መጨመር አያድንም፤ የጠበበው ራሙ ሳይሆን አድራሻው ስለሆነ ቦርዱን መቀየር ነው።

ምልክት፦ በዲቫይስ ትሪ የከለሉት ክልል አይሠራም

ዲቫይስ ትሪ የቦርዱን መሣሪያዎች ለከርነሉ የሚዘረዝር ፋይል ነው። በውስጡ «ሪዘርቭድ-ሜሞሪ» ኖድ (ክፍል) ውስጥ ባዶው «ሬንጅስ» መኖሩን፣ የአድራሻና የመጠን ሴል ቁጥሮቹም ከዋናው (ሩት) ኖድ ጋር መመሳሰላቸውን ያረጋግጡ። መዝገቡ «ኦቨርላፕ ዲቴክትድ» ካለ ሁለት ክልሎች ተደራርበዋል። ሌላ ፕሮሰሰር ወይም ኤፍፒጂኤ (እንደገና ሊቀረጽ የሚችል ቺፕ) ብቻውን የሚጽፍበት ከሆነ «ኖ-ማፕ» ይጨምሩ። ያለ እሱ ከርነሉ ክልሉን እንደ ተራ ራም ካርታው ውስጥ ያስገባዋል፤ ኤአርኤም ፕሮሰሰር ላይ «አዮሪማፕ» (ክልሉን ለድራይቨሩ የሚከፍተውን ፈንክሽን) ሲጠይቁም እምቢ ይላል። «ሜሞሪ-ሪጅን» መጻፍ ብቻውንም አይበቃም፤ ድራይቨሩ «ኦፍ_ሪዘርቭድ_ሜም_ዲቫይስ_ኢኒት»ን ካልጠራ የከለሉት ቦታ ጦሙን ያድራል።

-1 ከ«/ዴቭ/ሜም» (ሚሞሪን በቀጥታ ከሚያስነብበው ፋይል) ከመጣ ከርነሉ ሆን ብሎ አጥሮታል። ለአንድ ጊዜ ፍተሻ «አዮሜም=ሪላክስድ» ብለው ያስነሱ፣ ሲጨርሱ ያንሱት። ሴኪዩር ቡት (የተፈረመ ሶፍትዌር ብቻ የሚያስነሳው ጥበቃ) በርቶ ከሆነ ግን ይህም ላይከፍት ይችላል።