በሜትር የሚለካ ወገብ፣ በጸሎት የሚለካ ትንፋሽ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ፋሲካ ሲቃረብ ግማሹ ሥራዬ የዓምናውን ቀሚስ ጎን መልቀቅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የለቀቅኩት ግን የራሴን ነበር። 84 ኪሎ ገብቼ፣ ወገቤ 104 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን አንቺ አታድርጊ። ከሹራቤ ሥር ላስቲክ ጠቅልዬ ከልጄ ጋር የዕንጦጦን አቀበት በሩጫ ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኔ ጨለመ። ቤት ገብቼ ስመዘን አንድ ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ማታ ውኃ ስጠጣ ተመለሰ። ላብ ስብ አይደለም። በአራተኛው ቀን ጉልበቴ አብጦ የስፌት መኪናዬን ፔዳል መርገጥ አቃተኝ።

ደንበኞቼ «ቀስ ብለሽ ስትሄጂ ስብ ይቃጠላል፣ ስትሮጪ ግን ስኳር ብቻ ነው» ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው። በእርምጃ ጊዜ ሰውነት ከሚያቃጥለው ውስጥ የስብ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ጠቅላላው ግን ትንሽ ነው። በእኔ ክብደት ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ 180 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል፤ በዚያው ጊዜ ሶምሶማ ሩጫ 350 ገደማ። ከመጀመሪያው እኩሌታው ከስብ ቢመጣ 90 ነው፤ ከሁለተኛው ሲሶው ብቻ ቢመጣ እንኳ 117 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ጠንከር ማለት ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን አንድ ቀን ሮጦ ሁለት ሳምንት የተኛ ሰው ሒሳቡ ኪሳራ ነው፤ እኔ ከስሬ አይቼዋለሁ።

ብርታቱን የምለካው በአባታችን ሆይ ነው። ድምፅ አውጥተሽ ሳትቆራርጪ ከጨረስሽው ቀላል ነው፤ ፍጥነት ጨምሪ። በየሐረጉ መተንፈስ ካስፈለገሽ መካከለኛ ነው፤ አብዛኛው ጊዜሽ እዚህ ይለፍ። «በሰማያት» ላይ ትንፋሽሽ ካለቀ ከባድ ነው። አብራኝ የምትወጣው ጎረቤቴ በፋቲሐ ትለካለች፤ ያው ነው። የዕንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣልና፣ ታች በቀላሉ የሄድሽበት ፍጥነት እዚያ ቢከብድሽ አትደንግጪ፤ ትንፋሽሽን እንጂ ሰዓትሽን አትከተይ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት እርምጃ ብቻ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ 45 ደቂቃ ሂጂ። ከዚያ ከአራቱ ሁለቱን ቀን አቀበት ላይ አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ዝግ እያልሽ ስምንት ጊዜ ደጋግሚ። ሁለቱን ቀን አታከታትያቸው። አቀበት ሳትሮጪ ልብሽን ያሠራል፣ ጉልበትንም እንደ ሩጫ አይቀጠቅጥም። ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው፤ እኔ አላፍርም፣ በሚኒባስ እወርዳለሁ። (የማገዶ እንጨት ተሸክመው በዚያ ቁልቁለት የሚወርዱትን እናቶች ሳይ ግን ስለ ስፖርት ማውራቴን አቆማለሁ።) የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባት ከአቀበቱ በፊት ሐኪም ታማክር።

«ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ ቀኑን ሙሉ ይቃጠላል» የሚሉትንም ብዙ አትመኚበት። የተወሰነ ጭማሪ አለ፤ አንድ ሳምቡሳ ግን አይሸፍንም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ የእኔን የ20 ደቂቃ እርምጃ ይበላዋል። የጾም ወጥ ስሠራ ዘይት ከጀሪካን አንደቀድቅ ነበር፤ አሁን በማንኪያ እሰፍራለሁ። ከአቀበቱ ይልቅ ይህ የከበደኝ ይመስለኛል።

ሚዛኑን በየቀኑ አትውጪበት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ምግብ ሳትቀምሺ፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ፣ እምብርትሽ ላይ ሜትሩን አዙሪ፤ ሆድሽን አትሳቢ፣ ልብስ ሰፊ አይታለልም። በአምስት ወር ስድስት ኪሎ ቀነስኩ፣ ወገቤ 95 ገባ። የለቀቅኩትን ጎን መልሼ አጠበብኩት፤ የድሮው ስፌት ቀዳዳ ግን ለሚያውቅ ሰው አሁንም ይታያል።