መኪናችሁ ጠዋት አልነሳም ካለ፣ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። ፒያሳ ያሳደራችሁት መኪና ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉን አዞራችሁ፣ ዝም። አጠገባችሁ የቆመ ሰው ሁሉ «ባትሪው ሞቷል» ይላል። ወደ መኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ከመሮጣችሁ በፊት እባካችሁ አስር ደቂቃ ታገሱ።

መጀመሪያ አዳምጡ። ሞተሩ እንደ ወትሮው እየዞረ አልነሳ ካለ ባትሪውና ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው) ደህና ናቸው። የዚያን ጊዜ ነዳጅና ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ነው የሚታየው። «ቀጭቀጭቀጭ» እያለ በፍጥነት ከተንጣጣ አብዛኛውን ጊዜ ኃይል አንሶታል። አንዴ «ቋ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖውን ወይም ገመዶቹን ጠርጥሩ። ምንም ድምፅ ከሌለና መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ኤን (ኒውትራል) ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ አንዳንዴ ችግሩ ይቺው ብቻ ናት።

ቀጥሎ የፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከደከመ ወይ ባትሪው ባዶ ነው ወይ ተርሚናሉ (ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርበት) ላልቷል። ቦግ እንዳለ ከቆየ ግን ኃይሉ ሞተሪኖ ጋ አልደረሰም፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ተበላሽቷል፤ ፊውዝና ሪሌውን (ለሞተሪኖው ኃይል የሚለቀውን ማብሪያ) እዩ።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ተርሚናሎቹን በእጅ ነቅነቅ አድርጉ፤ ከተንቀሳቀሱ ላልተዋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ሙቅ ውሃ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ እጠቡና አድርቁ። ስትፈቱ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ስታስሩ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሁን፤ አለበለዚያ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል።

ባለፈው ክረምት የኔ ኮሮላ ቸርችል ጎዳና ላይ እምቢ አለኝ። ባትሪው አዲስ ነው፣ ተርሚናሉ ጥብቅ ነው። ጥፋቱ የተገኘው ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ፣ ማሳ የሚሉት ላይ ነበር። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው፣ ብሎኑን ስፈታው ግን ሥሩ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ቡናማ ዝገት ይዟል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መልሼ አሰርኩት፣ ወዲያው ተነሳ። ለዚህ ነው ማሳ ሳይታይ ባትሪ አይገዛ የምለው።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ ነገሩ ይቀላል። አድሮ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ በሉት። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ቢሞላም ደክሟል። ማሳውን ለመለካት አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን አስዙሩ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ችግር አለበት።

ባትሪው ባዶ ከሆነ ከሌላ መኪና በገመድ አስነሱት። ቀዩን ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፤ ጥቁሩን ከደህናው ባትሪ ኔጋቲቭ አንስታችሁ የመጨረሻውን ጫፍ የናንተ ሞተር ላይ ካለ ቀለም የሌለው ብረት ጋር እሰሩ። ባትሪው ላይ አትሰሩት፣ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።

ሲነሳ ባትሪውን እንደገና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካለ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ምናምን ላይ ከቀረ ሞተሩን ሳታጠፉ ቀጥታ ኤሌክትሪሺያን ጋ ውሰዱት፣ አንዴ ካጠፋችሁት ላይነሳ ይችላል።